ዓይንና ፍሬ

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ የዳሞታን ተራራ በቀኙ ትቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ዝናም በመታው ቀን እንደ ሊጥ እግር የሚይዝ ቀይ አፈር፣ ጎጆን እንደ ቅጥር የከበበ እንሰት፣ በእንሰቱም ጥላ ሥር የተጠለለ ቡናና ቦይና እያየ ሲሄድ ከጉኑኖ ይደርሳል። ጉኑኖ ዛሬ የዳሞት ሶሬ ወረዳ ከተማ ናት፤ ስሟን በባሕር ማዶ ሊቃውንት መጻሕፍት ያስጠራው ግን ከተማነቷ ሳይሆን አፈሯ ነው፤ ይኸውም የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከኢትዮጵያ ግብርና ሚኒስቴር ሰዎች ጋራ ሆነው፣ በ1974 ዓ.ም. ገደማ የአፈርን መሸርሸር የሚለኩባቸውን ጣቢያዎች ሲያቆሙ ከመረጧቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዷ እርሷ ስለ ነበረች ነው። እያንዳንዱ ዝናም ስንት አፈር ይዞ እንደ ወረደ እዚያው እየተለካና እየተጻፈ ሲላክ፣ የጉኑኖ ገበሬ ማሳ ባለቤቱ ሳያውቀው በሩቅ አገር ላሉ ተማሪዎች መማሪያ ሆነ። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

እኔን ወደዚህ ጽሑፍ የመራኝ በገበያ ቀን ያየሁት አንድ ወረንጦ ነው። አንዲት አሮጊት ከዝንጅብላቸው ክምር አጠገብ ተቀምጠው ሳለ፣ በአንገታቸው ክር ላይ የተንጠለጠለችውን ትንሽ የብረት ወረንጦ አውጥተው ለልጅ ልጃቸው ሰጡና ፊታቸውን ወደ ፀሐይ ቀና አደረጉ። ልጅቱ ዐሥር ዓመት ቢሆናት ነው፤ በግራ አውራ ጣቷ የላይኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋሽፍት አንድ አንድ እያለች ነቀለች፤ የነቀለችውንም በአውራ ጣቷ ጥፍር ላይ እየደረደረች ትቆጥር ነበር። ስድስት ሆኑ። አሮጊቷ ዓይናቸውን ሁለት ጊዜ ጨፍነው ከፈቱ፤ እንባቸውንም በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ወደ ገበያቸው ተመለሱ። ያችን ልጅ ማን አስተማረሽ ብላት ትከሻዋን ከመነቅነቅ በቀር መልስ አልነበራትም፤ እናቷ ስታደርግ አይታ ነው።

ይህ ደዌ በሐኪሞች ዘንድ ትራኮማ፣ በአገር ሰው አፍ ደግሞ ማዝ ይባላል። ሕፃኑን በዝንብና ባልታጠበ እጅ ይይዘዋል፤ ይተወዋል፤ ተመልሶም ይይዘዋል፤ በመመላለሱም በዓይን ቆብ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠባሳ ያበጃል፤ ጠባሳውም እንደ ደረቀ ቁርበት እየተኮማተረ ቆቡን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ያን ጊዜ ለዓይን ዘበኛ ይሆን ዘንድ የተፈጠረው ሽፋሽፍት ጠላት ሆኖ፣ ሰውየው ዓይኑን ባርገበገበ ቍጥር ብሌኑን ይፍቃል። በ1998 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የዓይን ጥናት ከመቶው ሕዝብ 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ የተገኘ ሲሆን፣ የዚህ ግማሽ ያህሉ ከዓይን ሞራ፣ 11.5 ከመቶው ደግሞ ከትራኮማ ጠባሳ የመጣ ነበረ፤ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ሕፃናትም 40 ከመቶ ያህሉ ትራኮማ በንቁ መልኩ ይዟቸው ተገኝቷል። ሞራውም፣ በጊዜ ከተደረሰበት ጠባሳውም፣ የተማረ እጅ ቢያገኙ ጨለማ ሆነው የሚቀሩ ደዌዎች አይደሉም።

በወላይታ ቋንቋ ዓይን «አይፍያ» ነው፤ የዛፍ ፍሬም «አይፍያ» ነው። የቃሉ አንድነት በሌሎችም የኦሞ ወገን ቋንቋዎች አለ ይባላል፤ ለእኔ ግን ከሥነ ልሳን ጥያቄነቱ ይልቅ ምሳሌነቱ ይበልጥብኛል፤ ፍሬን የሚያፈራ ዛፍ አስቀድሞ የሚተከልበትና የሚኮተኮትበት ዘመን ያስፈልገዋልና፣ ዓይንን የሚያድን ሐኪምም እንዲሁ። የዚያ ኵትኰታ ታሪክ ከሁሉ በፊት የመንገድ ታሪክ ነው፤ ተማሪው ወደ መምህሩ የሄደበት፣ ኋላም መምህሩ በብርሃን ሽቦ ወደ ተማሪው ደጅ የመጣበት መንገድ።

በመጽሐፈ ጦቢት የተጻፈውን ያልሰማ የቤተ ክርስቲያን ልጅ የለም። ጻድቁ ጦቢት የወፍ ኵስ በዓይኑ ወድቆበት ብርሃኑን ቢያጣ፣ ልጁ ጦብያ በሊቀ መላእክት በቅዱስ ሩፋኤል መሪነት ካደረገው ረጅም ጉዞ ይዞ በተመለሰው የዓሣ ሐሞት ፈወሰው፤ ጳጉሜን 3 ቀንም የመልአኩ በዓል ሲሆን፣ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው በዚያ ቀን ዝናም የሚታጠቡት ፈውሱን ተስፋ በማድረግ ነው። ታሪኩን ስለ ተአምሩ ብቻ የሚያነብ ሰው ግን አንድ ነገር ያመልጠዋል። መልአኩ መድኃኒቱን ከሰማይ አላወረደም፤ ከወጣቱ ጋራ በእግሩ ተጓዘ፤ በወንዙም ዳር ዓሣው ሲያዝ የትኛው የሆድ ዕቃ ለምን ደዌ እንደሚሆን ነገረው፤ ከቤት በደረሱም ጊዜ ሐሞቱን በአባቱ ዓይን ላይ ያኖረው የመልአኩ እጅ ሳይሆን የጦብያ እጅ ነበረ። መምህሩ አብሮ ይሄዳል፤ ያያል፤ ይናገራል፤ እጁ ግን የተማሪው ነው። ስለ ዓይን ሐኪም ትምህርት ከዚህ የቀደመና ከዚህ የቀና ሥርዓት እኔ አላውቅም።

የአገራችን መድኃኒት አዋቂዎች ከዚህ ሥርዓት ግማሹን ብቻ ያዙ። ዕፀ ደብዳቤ በተባሉት የብራና መጻሕፍት የቅጠሉና የሥሩ ስም ተጽፎ ይገኛል፤ የሚጨመቀው፣ የሚታጠነው፣ የሚነፋው ሁሉ ተለይቷል፤ ዓይን ሲያምም ቅንድብንና ጆሮ ግንድን መብጣት በብዙ አገር የተለመደ ነበረ፤ ጠበሉም ለሁሉ ክፍት ነው። ዕውቀቱ ግን ምሥጢር ነበረና፣ አባት ለበኵር ልጁ የሚገልጥለት ዕድሜው ሲያዘቀዝቅ ነው፤ ሞት ሳይጠራ ቢመጣ ጥበቡ ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል። ሲሳሳትም የሚያርመው ጉባኤ የለውም፤ በአንዱ ሰፈር ዓይን ያጠፋ ቅጠል በሌላው ሰፈር መድኃኒት ተብሎ ይኖራል።

ጉባኤና እርማት የነበረበት ሌላ ቤት ነው፤ እርሱም ቅኔ ቤት ነው። ተማሪው ዳቤውን ለብሶ፣ አኰፋዳውን አንግቶ፣ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ወይም ዋድላ ድረስ በእግሩ ይሄዳል፤ ጠዋት የኔታ የሚያወርዱትን ምሥጢር ሰምቶ፣ ቀኑን ሙሉ በዛፍ ጥላ ወይም በመቃብር ቤት ተሸሽጎ የራሱን ጉባኤ ቃና ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል፤ ሲመሽም በመምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል። የኔታ የተሰበረውን ቤት ይጠግኑለታል፤ የተሳተውን ምሥጢር ያቀኑለታል፤ ያልሆነ እንደ ሆነም ያለ ርኅራኄ ያፈርሱበታል። ነገ ጠዋት ሌላ ቅኔ ይዞ መምጣት አለበትና ስሕተቱ አንድ ሌሊት እንኳ አብሮት አያድርም። ከእነዚህ መምህራን ብዙዎቹ በዓይነ ሥጋ የማያዩ እንደ ነበሩ ማስታወስ ይገባል፤ ፈንጣጣና ማዝ ብርሃናቸውን ወስዶባቸው፣ ብሉዩንም ሐዲሱንም በቃላቸው ይዘው፣ በድምፁ ብቻ ተማሪያቸውን ከእነ ስንፍናው ያውቁት ነበር። በወላይታም በደብረ መንክራት፣ ትውፊቱ ከአቡነ ተክለ ሃይማኖትና ከንጉሥ ሞቶሎሚ ጋራ በሚያያይዘው ስፍራ፣ ይህ የቃል ትምህርት ሥር ነበረው።

ዘመናዊው ሕክምና በኢትዮጵያ እግሩን የተከለው ከዓድዋ ድል በኋላ በመጣው በሩሲያ ቀይ መስቀል ሆስፒታል ሲሆን፣ ያ ሲዘጋ በ1902 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ስም የተጠራው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተተካ። ይህ ሆስፒታል ኋላ የኢትዮጵያ ዓይን ሐኪሞች ሁሉ እናት ቤት ይሆን ዘንድ ነበረው፤ ያ እስኪሆን ግን ሰባ ዓመት ያህል አለፈ። በዚያ መካከል ሐኪም መሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ የሚሄደው ባሕር ማዶ ነው፤ የመጀመሪያው እንደ ሆኑ የሚነገርላቸው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኰንን እጅ ወደ ሕንድ ተወስደው በላሆር ተምረዋል፤ ከእርሳቸውም በኋላ የሄዱት ሁሉ የተማሩት የፈረንጁን ደዌ በፈረንጁ መሣሪያ ነው፤ ሲመለሱም በመጽሐፋቸው ጥቂት ገጽ ብቻ የነበረው ትራኮማ በበራቸው ተሰልፎ ጠበቃቸው።

ወላይታ ንጉሧ ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. ድል ከሆኑ በኋላ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት የተጠቃለለች ስትሆን፣ ከነጭ ሐኪም ጋራ የተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው፤ ያን ጊዜ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ በበቅሎ ወርደው በሶዶ ሰፈሩ። ጣሊያን ሲገባ ተባረሩ፤ ከነጻነት በኋላ ተመለሱ። በሚሲዮኑ ሆስፒታል የሚሠሩት የአገር ልጆች «ድሬሰር» ይባሉ ነበር፤ ቃሉ እንግሊዝኛ ቢሆንም ሽማግሎች ዛሬም ሲያወሩ ያለ እርሱ ሌላ ስም አይሰጧቸውም። ድሬሰሩ ዲፕሎማ የለውም፤ ዶክተሩ ቍስል ሲያጥብ ከአጠገቡ ቆሞ ጎድጓዳውን ሳሕን ይይዛል፤ ከዓመት በኋላ ፋሻውን እርሱ ያስራል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የዓይን ቅባቱን እርሱ ይቀባል፤ ሐኪሙ ለፈቃድ ወደ አገሩ ሲሄድ ሕዝቡ ሐኪም ብሎ የሚጠራው እርሱን ነው። የልምድ ትምህርት ነው፤ ጥሩነቱም ጉድለቱም እዚያው ነው፤ ዶክተሩ ያወቀውን ያውቃል፣ ዶክተሩ የተሳሳተውን ይሳሳታል። ኦቶና የሚባለው ይኸው የሚሲዮኑ ሆስፒታል በደርግ ዘመን የመንግሥት ሆነ፤ በ1999 ዓ.ም. የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ሆስፒታል ለመሆን በቃ።

በአገር ውስጥ ሐኪም ማስተማር የተጀመረው በሁለት እርምጃ ነው። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የጤና አጠባበቅ ሠራተኞችን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ አውራጃ ሲያሰማራ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። ዓይንን ለብቻው የሚያጠና ሐኪም ግን እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ ማብቂያ ድረስ ከውጭ አገር ነበረ የሚጠበቀው፤ በዚያ ጊዜ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና የስፔሻሊስት ትምህርት ተጀመረ፤ ኋላም ጅማና ጎንደር የየራሳቸውን ከፈቱ። ስለ ዕድገቱ ብዙ ሊባል ይቻላል፤ እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ እናገራለሁ፤ ከተማሪዎቹ የሚበዙት በተማሩበት ከተማ ቀሩ። አዲስ አበባ ዓይን ሐኪም ሲበዛላት፣ በገጠር የሚኖረው ሕዝብ ግን ወረንጦውን አንጠልጥሎ ቀረ።

ለመሆኑ ሬዚደንት የሚባለው የስፔሻሊስት ተማሪ በዚያ ሆስፒታል ምን ይማራል? ስለ ሞራ ቀዶ ሕክምና ብቻ እንመልከት። መምህሩና ተማሪው በአንድ ማይክሮስኮፕ በሁለት ጥንድ መነጽር አንድ ዓይን ያያሉ። በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል የሚሰፋ ዋሻ በጥንቃቄ ይፈለፈላል፤ የጠጠረው ሞራ በዚያ ወጥቶ በምትኩ የፕላስቲክ ሌንስ ይገባል፤ ዋሻው በራሱ ስለሚዘጋ ስፌት አያሻውም፤ ለሠለጠነ እጅ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ነገር ግን ሌንሱ የሚያርፍበት የኋላኛው ስስ ከረጢት ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እንኳ አይሞላም፤ መሣሪያው ከዚህ ቢያልፍ የዓይን ፈሳሽ ወደ ፊት ይወጣል፣ ሥራውም ይበላሻል። መምህሩ በዚያች ቅጽበት «ቁም» ይላል። ተማሪው ይቆማል። ይህች «ቁም» የምትባለው ቃል ናት ትምህርቱ፤ የቀረው ከመጽሐፍ ይገኛል።

ሐኪሙ ወደ ገጠር ካልወረደ ጥበቡ ይውረድ ተብሎ፣ ነርሶችን በጥቂት ሳምንታትና ወራት አሠልጥኖ የተቀለበሰ የዓይን ቆብ እንዲያቀኑ ማድረግ፣ ልምድ ያላቸውንም መርጦ ሞራ እንዲያወጡ ማስተማር ተያዘ፤ በየጤና ጣቢያው የዘመቻ ድንኳን ተተክሎ የአያቶቻችን ቆብ የቀናው በአብዛኛው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። እነዚህ ባለሙያዎች ከሥልጠናው ማግሥት ብቻቸውን ናቸው። የቀና ቆብ ከዓመት በኋላ ሲመለስና ሽፋሽፍቱ ዳግመኛ ብሌኑን ሲወጋ፣ በሽተኛው ወደ ወረንጦው ይመለሳል እንጂ ወደ ነርሱ አይመለስምና፣ ነርሱ ስሕተቱን የሚያይበት ዓይን አያገኝም።

ይህን ብቸኝነት ለመስበር የመጀመሪያው ሙከራ ወረቀት ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1988 በለንደን ዶክተር መሪ ማክጋቪን የጀመሩት የማኅበረሰብ የዓይን ጤና መጽሔት በነጻ እየታተመ በድሀ አገሮች ላሉ የዓይን ሠራተኞች በፖስታ ይላክ ነበረ፤ በየዓይን ሕክምና ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ጠርዙ በጣት የወየበ ቅጂው ይገኛል። ከወረቀት በኋላ መስኮት መጣ። እዚህ ላይ ከሕክምና ወጣ ብዬ ስለ ፕላዝማ አንድ ቃል እላለሁ፤ በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ተሰቅለው በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ይሰራጭ ጀመር። መስኮቱ ውስጥ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ ከዚያ ማንም ምንም ቢመልስ ባይመልስ «ጎበዝ» ብሎ ያልፋል። የክፍሉ መምህር ከጥቁር ሰሌዳው ጎን እጁን አጣምሮ ይቆማል። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አለፈ፤ ተመልሶ አይመጣም። ዛሬ ዕድሜያቸው ከሠላሳ እስከ አርባ የሚሆን የኢትዮጵያ ሐኪሞች አብዛኞቹ የዚያ መስኮት ልጆች ናቸውና፣ ስለ መስኮት ትምህርት ሲነገራቸው ፈገግ ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ሕንድም በፕሬዚደንት አብዱል ካላም ሐሳብ አፍሪካን በሳተላይትና በብርሃን ሽቦ ለማገናኘት ስትነሣ ሙከራውን የጀመረችው በኢትዮጵያ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ጥቁር አንበሳና ነቀምት ሆስፒታሎች በሃይደራባድ ካለው ኬር ሆስፒታል ጋራ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከኢንዲራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ጋራ ተገናኙ። በዓይን ረገድ ግን የቀደመው ኦርቢስ ነው። ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ ዲሲ 8 አውሮፕላንን የቀዶ ሕክምና ክፍል አድርጎ ሲያስነሣ፣ ከክፍሉ በካሜራ የሚተላለፈውን ሥራ በአውሮፕላኑ ፊት ለፊት ባለው መማሪያ ክፍል የተቀመጡ ሐኪሞች ይመለከቱ ነበር። ሐሳቡ ደግ ነው፤ አውሮፕላኑ ግን ይነሣል፤ በሦስተኛው ሳምንት ሐኪሙ ብቻውን ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1998 በኢትዮጵያ ቋሚ ሥራ የጀመረው ይኸው ድርጅት በ2003 ሳይበርሳይት የተባለውን የኢንተርኔት መንገድ ከፈተ፤ በዚህ መንገድ አንድ ሐኪም የበሽተኛውን ታሪክና የዓይኑን ምስል ልኮ በሌላ አገር ካለ ሊቅ ምክር ይቀበላል፤ ትምህርትም ይሰማል። ኋላም የለንደኑ ዓለም አቀፍ የዓይን ጤና ማእከል፣ መጽሔቱን የሚያወጣው ማለት ነው፣ ስለ ዓይን ጤና አገልግሎት በነጻ ለሁሉ ክፍት የሆነ የኢንተርኔት ትምህርት አዘጋጀ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ታላቅ ስም የሌለው ሥልጠና ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 በኦሮሚያ የተጀመረው ዓለም አቀፍ የትራኮማ ካርታ ሥራ እስከ 2016 ድረስ በ29 አገሮች 2.6 ሚሊዮን ሰዎችን በመመርመር ሲፈጸም፣ መርማሪዎቹ መዝገባቸውን በኪስ ስልክ ይመዘግቡ ነበር፤ ያኔ ደቡብ ክልል ይባል የነበረውም አገር ተዳርሷል። መርማሪው ወደ መንደር ሳይወጣ በፊት አስቀድሞ የተገለበጡ ቆቦችን ምስል ያያል፤ በላይኛው ቆብ ውስጥ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማያንሱ ነጫጭ ፍሬዎች አምስትና ከዚያ በላይ ካሉ ትራኮማ አለ፤ አራት ከሆኑ የለም ይባላል። አምስት ወይስ አራት? ይህ ነው ጥያቄው። መልሱ ከመምህሩ መልስ ጋራ ይመዛዘናል፤ ከዚያ በእውነተኛ ሕፃናት ዓይን ላይ ዳግመኛ ይፈተናል፤ ስምምነቱ ከተወሰነው መስፈርት በታች የሆነ ሰው፣ ዲግሪው ምንም ቢሆን፣ ወደ ሥራው አይወጣም። ሥዕል፣ መልስ፣ እርማት፣ እጅ። ቅኔ ቤት ነው።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ጉባኤው ተዘጋ፤ አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና ቀርቶ ሬዚደንቶች ትምህርታቸውን በዙም መስማት፣ መጽሐፍና ምስል በቴሌግራም መለዋወጥ ያዙ። ወረርሽኙ አልፎ ልማዱ ቀረ። ዛሬ በወላይታ ያለ አንድ የዓይን ባለሙያ ከናይሮቢ፣ ከለንደን፣ ከሕንድ የሚተላለፍ ትምህርት ሞልቶ ተርፎ ይጠብቀዋል፤ ችግሩ ማጣት ሳይሆን መብዛት ሆኗል ለማለት እደፍራለሁ።

የበዛው ግን ስብከቱ ነው። አንድ ሊቅ አርባ ደቂቃ ይናገራል፤ ሦስት መቶ ሰው በየቤቱ ድምፁን ዘግቶ ያዳምጣል፤ በመጨረሻ ሁለት ጥያቄ ይነበባል፤ የምስክር ወረቀት ይላካል። ከፕላዝማው የሚለየው «ጎበዝ» የሚለው ቃል በወረቀት መምጣቱ ነው። ሰዓቱም ለሌላ አገር የተቈረጠ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ በረንዳው በበሽተኛ ሞልቶ ባለበት በረፋዱ ይውላል። ትምህርቱ በሚያሳየው ማሽን ይኮራል፤ የዓይንን ጓዳ በብርሃን እየሸነሸነ የሚያሳየው ማሽን በሚሰማው ሰው ክፍል የለም፤ በክፍሉ ያለው ስሊት ላምፕ የተባለ አንድ የዓይን መመርመሪያ ነው፣ አምፖሉ የተቃጠለ ዕለት ደግሞ እርሱም የለም። መብራቱ ይሄዳል፤ ኔትወርኩ ይቈራረጣል፤ ለአንድ ቪዲዮ የሚያልቀው የዳታ ጥቅል ከኪስ የሚከፈል ነው። ስለዚህ እንዲሻሻል የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ምስሉን ያሳንስ፤ ድምፁንና ጥቂት ጥሩ ሥዕሎችን ብቻ ያድርግ፤ ተጭኖ ወርዶ ሌሊት የሚሰማ ይሁን። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ የቅኔ ቤቱን ነገራ መመለስ ነው፤ ተማሪው የራሱን ሥራ ይዞ ይምጣ። ከሥጋ ቤት በመጣ የፍየል ዓይን ላይ ያደረገውን ስፌት በስልኩ ቀርጾ ይላክ፤ መምህሩም ሦስተኛው ስፌት እንደ ጠበቀ፣ መርፌው እንደ ጠለቀ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ይመልስለት። አንድ መምህር ሦስት መቶ ሰው ሊያርም አይችልም፤ አምስት ሰው ግን ይችላል። በሶዶ ወይም በአርባ ምንጭ ያለ አንድ ታላቅ ወንድም በወር አንድ ቀን ከታናሹ ጎን ቆሞ «ቁም» የሚልበት ሥርዓትም ከመስኮቱ ጋራ ይታሰር። የመልአኩን ምክር ስልክ ሊያደርሰው ይችላል፤ አብሮ መሄዱን ግን አይችልም።

ስለ ቋንቋም ዝም አይባልም። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አደባልቆ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀው የመማሪያ መጽሐፍ ሶዶ ሲደርስ ደም የፈሰሰበት ተቃውሞ ተነሥቶ መጽሐፉ ቀረ፤ ይህ ሕዝብ ትምህርት በማን አፍ እንደሚመጣለት ያስባል። የዓይን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሆኑ ለሐኪሙ አይከብደው ይሆናል፤ ግላኮማ የተባለው የዓይን ደዌ የያዘውን ገበሬ ሕመም ሳይሰማህ ዕድሜህን ሙሉ ጠብታ አድርግ ብሎ የሚያሳምንበትን የወላይታ ቃል ግን ከየትኛው ስብከት ያገኘዋል? ይህን የሚያስተምሩ የለንደን ሊቃውንት አይደሉም፤ በኦቶና ሠላሳ ዓመት የኖሩ ነርሶች ናቸው።

እነሆም ወደ አፈሩ ተመለስሁ። የጉኑኖ ማሳ በርንን እንዳስተማረ፣ የወላይታ ዓይንም የሚያስተምረው አለው። በለንደን አንድ ወጣት ሐኪም በዕድሜው ሙሉ አንድ የትራኮማ ጠባሳ ሳያይ ሊሞት ይችላል፤ ፍጹም የነጣ፣ ለብዙ ዓመት ያልተነካ ሞራ ማየት ለእርሱ ብርቅ ነው፤ ለእኛ ሰው የማክሰኞ ሥራ ነው። በሽተኛው ፈቅዶ፣ ፊቱ እንዳይለይ ተደርጎ፣ የሚነሣው ምስል ከዚህ ወደዚያ ቢሄድ፣ የሶዶው ሰልጣኝ በዚያ ጉባኤ ድምፁን ዘግቶ የሚያዳምጥ እንግዳ መሆኑ ይቀራል።

በመጨረሻ ጉኑኖ የሄድሁ ጊዜ አንድ ወጣት ነርስ አገኘሁ። ከገበያው ማዶ በዋርካ ሥር በተቀመጠ አግዳሚ ላይ የአንድ ሕፃን ቆብ በአውራ ጣቱና በጥጥ በተጠመጠመ ዘንግ ገልብጦ በስልኩ ፎቶ አነሣው። ሕፃኑ አላለቀሰም፤ እናቱ ዳቦ አስይዛው ነበር። ነርሱ ፍሬዎቹን ደጋግሞ ቈጥሮ አራትም አምስትም እየሆኑበት፣ ምስሉን ለመምህሩ ሊልክ ቢሞክር ክቡ እየተሽከረከረ አልሄድ አለው፤ ስልኩን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ወደ ጉብታው ወጣ፤ እዚያ ላይ ሄደለት። ነገሩ አሳስቦኝ በማግሥቱ ጠዋት መልሱን ጠየቅሁት። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ፤ «ቆቡን ጨምረህ ገልብጥ፤ ጥግ ጥጉ አይታይም። ፀሐይን ከኋላህ አድርግና ዛሬውኑ ሌላ ላክልኝ» ይላል።